ለሂንዱ በዓላት ከትዳር አጋር ወይም ከጓደኞች ጋር ልብስ ማዛመድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከምን እንጀምር? ከቀለም ወይስ ከልብሱ ዓይነት?

ከሁለቱም በፊት ከበዓሉና ከአካባቢው። ህንድ ውስጥ የበዓል ልብስ እንደየክፍለ ግዛቱ ይለያያል። ስለዚህ የጠሯችሁ ሰዎች ከየት እንደሆኑ፣ በዓሉ ቤት ውስጥ ይሁን ቤተ መቅደስ ወይም የጭፈራ ሜዳ ላይ እንደሚከበር ቀድማችሁ ጠይቁ።

በመስከረም ወይም በጥቅምት የሚውለው ናቭራትሪ በጉጃራት ዘጠኝ ሌሊት የሚጨፈርበት ነው። ሴቶቹ «ቻኒያ ቾሊ» ይለብሳሉ፤ ይኸውም ሰፊ ጉርድ፣ ወገብ ላይ የሚያልቅ አጭር ሸሚዝና «ዱፓታ» የሚባል ነጠላ መሰል ልብስ ነው። ወንዶቹ ከደረት በታች ተሸንሽኖ የሚዘረጋ «ከዲዩ» ይለብሳሉ። በዚያው ሰሞን በቤንጋል፣ ኮልካታ ውስጥ፣ ዱርጋ ፑጃ ይከበራል፤ እዚያ ሴቶች ሳሪ፣ ወንዶች ደግሞ «ፓንጃቢ» የሚሉትን ረጅም ሸሚዝ ወገብ ላይ ከሚጠቀለለው «ዱቲ» ጋር ያደርጋሉ። በኬረላ ለኦናም ወንዱም ሴቱም ያልነጣ የጥጥ ቀለም ያለው፣ ጠርዙ ወርቃማ የሆነ «ካሳቩ» ይለብሳል። ብዙ አማራጭ ያለው የመብራት በዓሉ ዲዋሊ ነው፦ ሳሪም፣ ሌሄንጋም (ሰፊ የበዓል ጉርድ)፣ ለወንድ ኩርታ የሚሉት ረጅም ሸሚዝና ፓጃማ የሚሉት ሱሪም ይሆናል። ለሆሊ ከሆነ ብዙ አትጨነቁ፤ ቢበላሽ የማይቆጫችሁን ነጭ የጥጥ ልብስ ልበሱ። ቀለም የሚረጨው ልብሱ ላይ ነውና።

ነጭ ወይም ጥቁር ብንለብስ ነውር ነው?

በሰሜንና በምዕራብ ህንድ ጌጥ የሌለው ሙሉ ነጭ የሐዘን ልብስ ነው፤ በጥንቱ ወግ ባል የሞተባት ሴት የምትለብሰውም እሱን ነው። ጥቁርን ደግሞ ብዙ ቤተሰቦች ለጸሎት ሥነ ሥርዓት (ለፑጃ) አይወዱትም። ግን ጠርዝ ሲጨመርበት ነገሩ ይለወጣል። ቤንጋል ውስጥ ቀይ ጠርዝ ያለው ነጭ ሳሪ የዱርጋ ፑጃ ዋና ልብስ ነው፤ ባለትዳር ሴቶች በመጨረሻው ቀን እርስ በርስ ቀይ ዱቄት ሲቀባቡ የሚለብሱት እሱን ነው። የኬረላው ካሳቩም ከወርቃማ ጠርዙ በቀር ያልነጣ ጥጥ ብቻ ነው።

ጥቁር ሆን ተብሎ የሚለበስበት በዓልም አለ። በማሃራሽትራ ለማካር ሳንክራንቲ፣ ማለትም ጥር 6 ገደማ፣ ሴቶች ጥቁር ሳሪ ይለብሳሉ። ብርዳማ ወቅት ስለሆነና ጥቁር ሙቀት ስለሚይዝ ነው ይላሉ። ለሌሎቹ በዓላት ግን እርግጠኛ ካልሆናችሁ ጥቁሩን ተዉትና ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ወይም ጥልቅ አረንጓዴ ምረጡ። ጥቁር የሚሰጠውን ክብደት ይሰጣሉ፣ ማንንም አያስከፉም።

የናቭራትሪ ዘጠኝ ቀለሞች የሚባሉት ምንድን ናቸው? በየቀኑ መከተል ግዴታ ነው?

ግዴታ አይደለም። በተለይ በማሃራሽትራና በጉጃራት ከተሞች የተለመደ ወግ ነው። ሙምባይ ውስጥ በእነዚያ ቀናት በከተማው ባቡር የሴቶች ፉርጎ ብትገቡ ተሳፋሪው በሙሉ አንድ ቀለም ለብሶ ልታገኙት ትችላላችሁ፤ የማይተዋወቁ ሴቶች አብረው ፎቶ ይነሣሉ።

ዝርዝሩ በየዓመቱ የሚቀያየረው የመጀመሪያው ቀን በተለያየ የሳምንቱ ዕለት ስለሚውል ነው። የሰባቱ ቀን ቀለም ዕለቱን ይከተላል፦ ሰኞ ነጭ፣ ማክሰኞ ቀይ፣ ረቡዕ ሰማያዊ፣ ሐሙስ ቢጫ፣ ዓርብ አረንጓዴ፣ ቅዳሜ ግራጫ፣ እሑድ ብርቱካናማ። ለስምንተኛውና ለዘጠነኛው ቀን እንደ ሮዝ፣ ሐምራዊ ወይም የጣዎስ አረንጓዴ ያሉ ተጨማሪ ቀለሞች ይመጣሉ። የሁለቱን ከዓመቱ ዝርዝር ላይ ማየት ያስፈልጋል። የአምናውን ዝርዝር ይዞ መግዛት የተለመደ ስሕተት ነው።

ዘጠኝ ልብስ አትግዙ። እሷ አንድ ክሬም ቻኒያ ቾሊ ወይም ኩርታ ይኑራትና በየቀኑ ዱፓታውን ትቀያይር። እሱ ክሬም ኩርታ ለብሶ ከላይ እጅጌ የሌለውን «ባንዲ» ጃኬት ወይም የአንገት ልብሱን ይቀያይር። ዘጠኝ ዱፓታም አያስፈልግም፤ ብርቱካናማው ከቢጫው፣ ሐምራዊው ከሮዙ ተጠጋግቶ ያልፋል።

ባልና ሚስት ነን። ከአንድ ጣቃ የተቀደደ ልብስ ብንለብስ አይሻልም?

ለሁለት ሰው ባይሆን ይመረጣል። ከአንድ ጣቃ የተሰፋ ልብስ ጎን ለጎን ሲቆም አንዱ የሌላውን ጌጥ ይውጠዋል፤ ሳሪው ላይ ያለው ጥለት ኩርታው ላይ ሲደገም ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። የሚያምረው አንድ ነገር ብቻ ሲያገናኛችሁ ነው። ያ አንድ ነገር የጠርዙ ቀለም፣ የጨርቁ ዓይነት፣ የእጅ ሥራው ወይም የወርቅ ክሩ ሊሆን ይችላል።

በምሳሌ እንየው። እሷ ወይን ጠጅ የባናራስ ሐር ሳሪ አላት፤ ጠርዙ አረንጓዴ፣ ክሩ ወርቃማ ነው። እሱ ወይን ጠጅ ኩርታ አይልበስ። ክሬም የሐር ኩርታ ይልበስና ከላይ እንደ ሳሪው ጠርዝ አረንጓዴ የሆነ ባንዲ ይደርብ፤ ባንዲው ላይ ጥልፍ አይኑር። ቁልፎቹ ግን እንደ ሳሪው ክር ወርቃማ ይሁኑ። ሁለቱ ተራርቀው ቢቆሙ እንኳ አብረው እንደመጡ ይታወቃል። እሱ በጥልፍ የተሞላ ሸርዋኒ (ካፖርት መሰል ረጅም ልብስ) ሊለብስ ከፈለገ ደግሞ እሷ ጌጡ ጠርዙ ላይ ብቻ ያለ ሳሪ ትምረጥ። አንዱ ሲደምቅ ሌላው ረጋ ይበል።

ከቀለም በላይ ተጠንቀቁ የምንለው የወርቅ ክሩን («ዛሪ») ነው። የሚያብረቀርቅ ቢጫ ወርቅ፣ ወደ መዳብ ያደላ ደብዛዛ ወርቅና ብርማ አለ። ደብዛዛው ከሚያብረቀርቀው አጠገብ ሲቆም ያረጀ ይመስላል፤ የቀለም ልዩነትን ያላስተዋለ ሰው እንኳ ይህንን ያያል። ጌጣጌጡም ዛሪውን ይከተል።

ሁለታችንም «ቀይ» ገዛን፤ ጎን ለጎን ስንቆም ግን አልገናኝ አለ። ለምን?

ሦስት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ ሐር ብርሃን ይመልሳል፣ ጥጥ ይውጣል፤ ስለዚህ አንድ ማቅለሚያ ውስጥ የገቡ ሐርና ጥጥ እንኳ ሁለት ቀለም ይመስላሉ። ሁለተኛ፣ ፋብሪካም ሆነ የእጅ ባለሙያ በየዙሩ ሲያቀልም ልዩነት ይፈጠራል፤ ዛሬ የገዛችሁትና የዛሬ ወር የምትገዙት ጨርቅ ከአንድ ሱቅ ቢሆንም ላይገጥም ይችላል። ሦስተኛው የስልክ ስክሪን ነው። ቀይና ብርቱካናማን፣ ሰማያዊና ሐምራዊን ብዙ ጊዜ ያሳስታል።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። በመጀመሪያ የሚገዛው ለማግኘት የሚከብደው ልብስ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሳሪው ወይም ሌሄንጋው። ከሳሪው ጫፍ ለብላውዝ (ከሳሪ ጋር ለሚለበሰው አጭር ሸሚዝ) ከተተወው ክፍል 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጣችሁ በኪሳችሁ ያዙ። የሁለተኛውን ሰው ጨርቅ ስትመርጡ ቁራጩን ከሱቁ አውጥታችሁ ጥላ ሥር፣ በቀን ብርሃን አስተያዩ። ከዚያ ቢጫ አምፖል ሥር እዩት፤ ዲዋሊ የሚከበረው በመብራት ነውና። በዘይት መብራት ጥልቅ ሰማያዊ ጥቁር ይመስላል፤ ክሬምና ፈዛዛ ቢጫ ደግሞ አንድ ይሆናሉ። ፍጹም ገጥሞ ካላገኛችሁት ግማሽ መግጠሙን ተዉት። ሁለት ደረጃ የሚደምቅ ወይም የሚፈዝ ብትይዙ ታስቦበት የተመረጠ ይመስላል፤ ለጥቂት የሳተ ግን የተሳሳተ ይመስላል።

ስድስት ጓደኛሞች ነን። ሁላችንንም የሚያስማማ እንዴት እናገኛለን?

የሁሉ ነገር መነሻ ኪሱ በጣም የጠበበው ሰው ይሁን። እሱ ወይም እሷ ያለ ጭንቀት የሚገዛውን ጨርቅ ምረጡና ሌሎቹ በዚያ ልክ ይሂዱ። ይህ ሳይነገር ሲቀር አንድ ሰው ተበድሮ ይለብሳል ወይም ሰበብ ፈልጎ ይቀራል። ሁለቱም በዓሉን ያበላሻሉ።

ከዚያ ሦስት ቀለም ወስኑ፤ አንድ ጠቆር ያለ፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ ፈዛዛ። ለምሳሌ ወይን ጠጅ፣ ሰናፍጭ መሰል ቢጫና ክሬም። ሁለት ሁለት ሰው አንዱን ይያዝ። ሁሉንም የሚያስተሳስረው አንድ ጠርዝ ይሁን፤ አንድ ዓይነት የጠርዝ ጥብጣብ በጅምላ ገዝታችሁ ዱፓታውም ኩርታውም ላይ አሰፉ። ለዱፓታ አራቱን ጎን ለመዞር 7 ሜትር ገደማ፣ ሁለቱን ጫፍ ብቻ ከሆነ 2 ሜትር፣ ለኩርታ አንገትና እጅጌ 1.5 ሜትር ያህል ይበቃል። ከስድስቱ ጥለት ያለው የሚለብሱት ሁለት ብቻ ቢሆኑ ፎቶው ይጠራል።

ለጋርባ ጭፈራ ልብሱ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል?

በጣም። የጉጃራት ጋርባ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረ ጭፈራ ነው። ክብ ተሠርቶ እየተዞረ፣ እየተጨበጨበ ለሰዓታት ይኬዳል። ስለዚህ ልብሱ ለፎቶ ሳይሆን ለመንቀሳቀስ ይሰፋል።

ጉርዱ ሲዞር እንዲዘረጋ የታች ዙሪያው ቢያንስ 4 ሜትር ይሁን፤ 8 ሜትር የሚሆንም አለ። ዙሪያው በሰፋና በጥልፉ የሚሰፋው ጥቃቅን መስታወት በበዛ ቁጥር ግን ይከብዳል፤ ከብዶ ወገብ ላይ ያለው ማሰሪያ ቆዳ ይቆርጣል፣ እኩለ ሌሊት ሳይሆን ትቀመጣላችሁ። መጀመሪያ ጊዜ ለምትጨፍር ሴት ቀላል የጥጥ ጉርድ ይሻላል። ርዝመቱ ከመሬት 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። መሬት ከነካ ከኋላ ያለው ሰው ይረግጠዋል፣ ማሰሪያው ይፈታል። ጉርዱ ሲዞር ስለሚነሣ ከሥር አጭር ሱሪ ወይም ታይት ይለበሳል።

ዱፓታውን በአንድ መርፌ ቁልፍ ብቻ አትያዙት፤ የተሰቀለው ሁሉ ክብደት አንድ ነጥብ ላይ አርፎ ጨርቁን ይቀደዋል። ትከሻ ላይ፣ ወገብ ላይ በጎን፣ ከኋላ ደግሞ ጉርዱ ጫፍ ላይ፣ በድምሩ ሦስት ቦታ ይያዝ። ከቁልፉ ሥር ትንሽ ጨርቅ አጥፋችሁ ደርቡበት።

ጥንዶች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። የመስታወት ጥልፍ ጠርዝ ስስ ጨርቅ ይይዛል። እሷ መስታወት የበዛበት ቾሊ (አጭሩን ሸሚዝ) ለብሳ እሱ ስስ የአንገት ልብስ ካደረገ፣ ዳንዲያ በሚባለው የበትር ጭፈራ ሲጋጠሙ ክሩ ተመዝዞ ይወጣል። ስለዚህ ሁለቱም መስታወት ይልበሱ ወይም ሁለቱም ይተዉት። ጫማ አታስቡ፤ ብዙዎች በባዶ እግራቸው ነው የሚጨፍሩት።

ስንት ሜትር ጨርቅ እንግዛ? ልብስ ሰፊው ጋ መቼ እንሂድ?

ሳሪ 5.5 ሜትር ያህል ነው፤ ለብላውዝ 80 ሳንቲ ሜትር ተጨምሮበት ይሸጣል። የማሃራሽትራው ባለ ዘጠኝ ያርድ ሳሪ ከ8 ሜትር ያልፋል። ለመካከለኛ ቁመት ወንድ ኩርታ፣ ወርዱ 110 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጨርቅ 3 ሜትር፣ ለፓጃማ ከ2 እስከ 2.5 ሜትር፣ ለባንዲ 1.5 ሜትር ያዙ። ዱፓታ 2.5 ሜትር ነው። ጥለቱ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያይ ከሆነ ግማሽ ሜትር ጨምሩ፤ ሰፊው ጨርቁን ገልብጦ መቁረጥ ስለማይችል ትርፉ ይበዛል።

ከበዓሉ ስድስት ሳምንት በፊት ምረጡ፣ ከአራት ሳምንት በፊት ለሰፊ ስጡ። ዲዋሊ ሲቃረብ ህንድ ውስጥ ብዙ ሰፊዎች አዲስ ሥራ አይቀበሉም፤ ዱባይ ሚና ባዛር አካባቢ የምታሰፉም ቀደም በሉ። ሁለት ሳምንት ሲቀር ለኩ፤ ዝም ብላችሁ ቁማችሁ ሳይሆን እጅ አንሥታችሁ፣ ተቀምጣችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ።

ብላውዝ የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው። አንዱ ገበሩ ነው። የጥጥ ገበር ሳይታጠብ ከተሰፋ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰብና ላዩን ሐር ያጨማድደዋል፤ ገበሩ ታጥቦ ደርቆ ይቆረጥ። ሁለተኛው ትርፍ አለመተው ነው። በሁለቱም ጎን ስፌት ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይተውላችሁ፤ ለከርሞ ስትወፍሩ ብላውዙ አይጣልም፣ ከአጋራችሁ ልብስ ጋር መግጠሙም አይቀርም።

ሳሪዬ ልክ ነበር፤ ግብዣው ላይ ግን መሬት ጎተተ። ምን ሆነ?

ቤት ተረከዝ ጫማ አድርገሽ ታጥቀሽው፣ ደጃፍ ላይ ጫማሽን አወለቅሽ። በሂንዱ ቤትም ሆነ ቤተ መቅደስ ጫማ ይወልቃል። ፑጃ ካለ በባዶ እግርሽ ቁመሽ ታጠቂው። የውስጥ ጉርዱም የጥጥና በገመድ የሚታሰር ይሁን፤ የሚያንሸራትት ጨርቅ ከሆነ ሽንሽኑ በሰዓት ውስጥ ይወርዳል። ሽንሽኑ ከ5 እስከ 7 ቢሆን፣ እምብርት ሥር ከመሰካቱ በፊትም በአንድ ቁልፍ ቢያያዝ ይጸናል።

በዲዋሊ መብራትና ርችት መካከል የትኛው ጨርቅ ይሻላል?

ጥጥና ሐር። ናይለንና ፖሊስተር እሳት ሲነካቸው ይቀልጣሉ፣ ቀልጠውም ቆዳ ላይ ይጣበቃሉ። የሸክላዎቹ የዘይት መብራቶች የሚደረደሩት ወለልና ደረጃ ላይ ስለሆነ አደጋው ከታች ነው፦ የተንጠለጠለ ዱፓታ፣ የሳሪው ትከሻ ላይ የሚወርደው ጫፍ፣ ሰፊ ጉርድ። መብራት ስትለኩሱ ጫፉን አዙራችሁ ወገብ ውስጥ ሸጉጡት። ርችት ከተለኮሰ ዱፓታውን አውልቁ። ለልጆችም ከእናታቸው ጋር እንዲመሳሰሉ ተብሎ የተንዠረገገ ልብስ አይሰፋላቸው፤ በአጭር ኩርታ በቀለም ብቻ ይዛመዱ።

የሐበሻ ልብስ ለብሰን ከህንዳውያን ጓደኞቻችን ጋር መዛመድ እንችላለን?

ትችላላችሁ፤ ደስም ይላቸዋል። ህንድ ለሚማሩ ኢትዮጵያውያን ይህ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ጥበቡ ደማቅ ይሁን፤ ሳሳ ያለ ጥበብ ያለው ነጭ ቀሚስ ከሩቅ ሙሉ ነጭ ይመስላል፣ ያ ደግሞ ከላይ ያልነውን የሐዘን ነጭ ያስታውሳል። ቀይ ጥበብ ያለው ቀሚስ ከቤንጋሎቹ ቀይ ጠርዝ ሳሪ አጠገብ እንደ እህት ልብስ ይታያል።

ለኦናም ግን አንድ ችግር አለ። ካሳቩ ያልነጣ ጥጥ ነው፤ የኛ ቀሚስ የነጣ ከሆነ አጠገቡ ያለው ካሳቩ የቆሸሸ ይመስላል። በባህላዊ ፈትል የተሠራና ክሬም የሚመስል ምረጡ፤ ጥበቡ ወርቃማ ይሁን። ሽሮ ሜዳ የምታሠሩ ከሆነ የጓደኛችሁን ጠርዝ ቀለም ፎቶ ሳይሆን ቁራጭ ክር ይዛችሁ ሂዱ። ጥበብ አብሮ ስለሚሸመን ካለቀ በኋላ አይቀየርም።

ሂንዱ አይደለንም። ግንባር ላይ የሚደረገውንና ጌጡን ብናደርግ ይከፋቸዋል?

ቢንዲ (ግንባር ላይ የሚለጠፈው ነጥብ) ዛሬ እንደ ጌጥም ይደረጋል፤ ካልፈለጋችሁ ባታደርጉትም ማንም አይቆጣም። ፀጉር መክፈያው ላይ የሚቀባው ቀይ «ሲንዱር»ና በጥቁር ዶቃ የተሠራው «ማንጋልሱትራ» ግን የትዳር ምልክት ናቸው። ቀለበት የጋብቻ ቃል እንደሆነ ሁሉ እነሱም እንደዚያው ናቸው፤ ለማሳመር አይደረጉም። በፑጃ ጊዜ ግንባራችሁን ሊቀቡ ሲመጡ በእምነታችሁ ምክንያት የማትፈልጉ ከሆነ መዳፋችሁን ገጥማችሁ ጎንበስ በሉ፤ ይገባቸዋል። የአማልክት ሥዕል የታተመበትን ጨርቅ ለሱሪ ወይም ለጉርድ አታሰፉ፤ ሥዕሉ ከወገብ በታች መሆኑና መቀመጫ ሥር መግባቱ በጣም ያሳዝናቸዋል።

ቤተ መቅደስ ከሆነ የቆዳ ቀበቶና ቦርሳ የሚከለክሉ አሉ። ኬረላ ውስጥ እንደ ጉሩቫዩር ባሉት ወንድ ሙንዱ የሚሉትን ሽርጥ አገልድሞ፣ ከወገብ በላይ ራቁቱን ነው የሚገባው፤ ሂንዱ ያልሆነ ደግሞ አይገባም። ስለዚህ ልብስ ከማሰፋታችሁ በፊት ጠይቁ።

ባንዳኒው ቀለሙን ለቆ የባለቤቴን ክሬም ኩርታ አበላሸው። አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል?

ይቻላል። ባንዳኒ በጉጃራትና በራጃስታን ጨርቁ በጥቃቅን ነጥብ እየታሰረ የሚቀለም ነው፤ ቀዩና ጥቁሩ በተለይ ይለቃል። ነጭ የጥጥ ጨርቅ አርጥባችሁ ከጠርዙ በኩል ለአንድ ደቂቃ ጫን አድርጉ። ቀለም ከወጣ ለብቻው በቀዝቃዛ ውኃ፣ ውኃው እስኪጠራ ድረስ አለቅልቁት፤ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ሐር ከሆነ ለደረቅ እጥበት ስጡት። ላብም ውኃ ነውና ለጭፈራ ሌሊት ያልታጠበ ባንዳኒ ከክሬም ልብስ ጋር አታጣምሩ።

በዕለቱ ምን ይዘን እንውጣ?

የተለያየ መጠን ያለው 12 መርፌ ቁልፍ፣ በልብሳችሁ ቀለም ክር የገባበት መርፌ፣ ትርፍ የጉርድ ማሰሪያ ገመድና ገመዱን ለማስገባት አንድ ትልቅ መርፌ ቁልፍ። ሳሪ ለለበሰች ሴት ቢቻል ጥብጣብ መሰል ማጣበቂያ ለትከሻ። ለወንዱ ዱቲ ተጠቅልሎ የሚታሰር ከሆነ ወገቡ ላይ ቀበቶ መሰል ማሰሪያ ከሥር ያድርግ፤ ካልለመደው የተሰፋውን፣ እንደ ሱሪ የሚገባውን ዱቲ ይግዛ። ሽታ የሌለው፣ ሕፃናት የሚቀቡት ዱቄትም ያዙ፤ ቅባት ልብስ ላይ ሲንጠባጠብ ዱቄቱ ወዲያው ይነሰነስበታል፤ ሳይታሽ ለአሥር ደቂቃ ይቆይና ይራገፍ።